የእንግዳው ዝምታ

አጎቴ ሰው ቤት ሲሄድ ከባለቤቶቹ በፊት ሰላም የሚለው በሩን ነው። ይከፍተዋል፣ ይለቀዋል፣ ከዚያ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስኪዘጋ ያዳምጣል። በሩ ቀስ ብሎ ተመልሶ ከገጠመ ፊቱ ይፈታል። በኃይል ከተላተመ ግን "ይሄ ማጠፊያ ብዙ አይቆይም" ይልና ከዚያ በኋላ ነው "እንዴት ዋላችሁ?" የሚለው። ጎረቤቶቹ ለምደውታል። ሚስቱ እትዬ ግን እስከ ዛሬ አልለመደችውም።

"አንተ ሰውዬ፣ ሰዎቹ አፍ አላቸው እኮ። በራቸውን ምን ታናግረዋለህ?"

"ሰው ይዋሻል" ይላታል። "ማጠፊያ አይዋሽም።"

ዩኒቨርሲቲ ስማር እነሱ ቤት ነበር የምኖረው፣ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ሥራው ቼክ ቫልቭ መምረጥ መሆኑን ስሰማ የቀለደብኝ መስሎኝ ነበር። ሰው መሬት ይመርጣል፣ ጓደኛ ይመርጣል፤ ዕድሜ ልኩን ቫልቭ ሲመርጥ የሚኖር ሰው አለ ብዬ አስቤ አላውቅም። አንድ ቀን ምሳ ላይ ጀበናውን፣ ባልዲውንና የወጥ ቤቱን በር እያሳየ አስረዳኝና አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

በፋብሪካ ቧንቧ ውስጥ የሚያልፈው ነገር፣ ውሃም ይሁን ዘይት፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ መሄድ አለበት። ፓምፑ ሲገፋው ይሄዳል። ፓምፑ ሲቆም ግን ወደ መጣበት መመለስ ያምረዋል። ቼክ ቫልቭ ማለት ለዚህ የተሠራ በር ነው። ማንም እጁን ዘርግቶ አይከፍተውም፣ ማንም አይዘጋውም። ውስጡ ከላይ በማጠፊያ የተንጠለጠለ ክብ የብረት ምላስ አለ። ውሃው ወደ ፊት ሲሄድ ምላሱን ገፍቶ ያልፋል፤ ልመለስ ሲል ያንኑ ምላስ ይገፋና በሩን በራሱ ላይ ይዘጋል። በራሱ ላይ! ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ትምህርት ክፍል ቁጭ ብዬ ስለዚህ ውሃ ሳስብ ዋልኩ።

ሲመርጥ ደግሞ ልጁን እንደሚድር አባት ነው። ምንድን ነው የሚያልፈው? ምን ያህል ይሞቃል? ቧንቧው የተኛ ነው የቆመ? ፓምፑ ቶሎ ቶሎ ይቆማል? ሲቆምስ ውሃው የሚመለሰው እያዘገመ ነው እየሮጠ? ገዢዎቹ ይሰለቻሉ። "ቧንቧችን ይሄን ያህል ነው፣ በዚያው ልክ ስጠን" ይሉታል።

"ጫማ የምትገዙት በእግራችሁ ልክ ነው በበራችሁ ስፋት?" ይላቸዋል።

"እኔን ስትመርጠኝስ ይሄን ሁሉ ጠይቀሃል?" ትለዋለች እትዬ።

"አንድም አልጠየቅኩም። ለዚያ ነው ከዚያ ወዲህ ስጠይቅ የምኖረው።"

ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ሁለት የብረት ቁራጮች አሉት። አንዱ እንደ ሸክላ ተሰብሮ ጠርዙ የሚቆርጥ ነው። ሁለተኛው ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ አረብ ብረት ነው፤ ጎብጧል፣ ተጣሟል፣ ግን አንድ ነው። የፈላ ውሃና ድንገተኛ ምት ባለበት ቦታ ሁሉ ይህን ሁለተኛውን ይመርጣል። "ይሄኛው ሲመታ ይጎብጣል እንጂ አይበተንም" አለኝ፣ መዳፌ ላይ እያስቀመጠው። "ሰው ለመሸሽ ጊዜ ያገኛል።" ብረቱ ከመጠኑ በላይ ከበደኝ።

ታዲያ ከከተማው ዳር አንድ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ አለ። አጎቴ ወጣት ሳለ የዚያን ፋብሪካ ትልቁን ቫልቭ የመረጠው እሱ ነው። ውሃ ከፓምፕ ተነስቶ፣ አፍልቶ እንፋሎት ወደሚያወጣው ቦይለር የሚገባበት ቧንቧ ላይ የተተከለ ነው። ያን ጊዜም ጥያቄዎቹን ሁሉ ጠይቋል። "ስንት ቦይለር ነው?" ሲላቸው "ሁለት" አሉት። ቧንቧውም ለሁለት እንዲበቃ ሰፍቶ ተዘርግቶ ነበር። ለሁለት ቦይለር የሚሆን ውሃ የሚያነሳው ከባድ ምላስ ያለውን መረጠላቸው።

ሁለተኛው ቦይለር አልመጣም። የሚቀመጥበት የሲሚንቶ መደብ ብሎኖቹ ወደ ላይ እንደቆሙ እስከ ዛሬ አለ። ሠራተኞቹ "የሙሽራው ወንበር" ይሉታል፤ ምሳቸውን እሱ ላይ ይበላሉ፣ የታጠበ ቱታቸውን ብሎኖቹ ላይ ያሰጣሉ። ውሃው ለአንድ ቦይለር የሚበቃ ብቻ ስለሆነ ያን ከባድ ምላስ ሙሉ በሙሉ ገፍቶ የመያዝ ኃይል የለውም። ምላሱ ግማሽ መንገድ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። ኳ… ኳ… ኳ። ቀን ከሌሊት ያንኳኳል። "ሁልጊዜ ያንኳኳል፣ መቼም አይገባም" ብለው "እንግዳው" የሚል ስም አወጡለት።

ሰው ሲለምድ የማይሆነው ነገር የለም። ፈረቃ የሚረከበው ሰው ገና በር ላይ ሆኖ "እንግዳው እንዴት ዋለ?" ይላል። የሚያስረክበው "እያንኳኳ ነው" ካለ ሁሉም ደህና ነው፤ ውሃ እየገባ ነው ማለት ነው። አጎቴ ብቅ ባለ ቁጥር ይነግራቸው ነበር፦ "ይሄ እንግዳ አይደለም። በራችሁን በሞረድ የሚፍቅ ሌባ ነው። ማጠፊያው እየተበላ ነው። ወይ ሁለተኛውን ቦይለር አምጡ፣ ወይ ቫልቩን በሌላ አነስተኛ ለውጡት።" እነሱም "ሁለተኛው ሲመጣ ይስተካከላል" ይሉታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ያ ቧንቧ ስንት ዓመት ስለ እነሱ ሲያወራ አንዳቸውም አልሰሙትም።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ የአጎቴ ልጅ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ጨርሳ ሥራ አገኘች። ቤት ውስጥ ድንቢጥ ነው የምንላት፤ ትንሽ ናት፣ አንድ ቦታ አትቀመጥም፣ ስታወራ ትዘላለች። የተቀጠረችው እዚያው ፋብሪካ፣ እዚያው ቦይለር ቤት ነው። እናቷ ስታቅፋት አጎቴ ሹራቡን ሲያወልቅና ሲለብስ ቆየ።

"ሌላ ፋብሪካ ጠፍቶ ነው?" አለ በመጨረሻ።

"አባዬ ደግሞ! አንተ የመረጥከው ቫልቭ ሥር ነው እኮ የምቆመው። ምን ያስፈራሃል?" ብላ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም።

እሑድ ቀን ነበር። ድንቢጥ ከፈረቃ መጥታ ስትተኛ አርፍዳ፣ ምሳ ላይ ዓይኗን እያሻሸች ወደ ጠረጴዛው መጣች።

"እማዬ፣ ጉድ ልንገርሽ? እንግዳው ሄደ።"

"የቱ እንግዳ?"

"የእኛው ነዋ፣ አንኳኪው! ዝም አለ። መጀመሪያ ጆሮዬ የተደፈነ መስሎኝ ነበር። ሻምበልማ 'ዝምታ ወርቅ ነው' ብሎ ወንበሩ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተኛ።" ሻምበል የፓምፕ ቤቱ አንጋፋ ሠራተኛ ነው። ወታደር ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ ማዘዝ ስለሚወድ ነው እንዲያ የሚሉት።

"እሰይ! ልጄ ጆሮሽ አረፈ" አለች እትዬ።

የአጎቴ ማንኪያ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ሳህኑ መለሰው።

"ዝም ከማለቱ በፊት የሰማችሁት ነገር አለ?"

"ምንም። እ… አንዴ ዱም አለ፤ ከባድ ዕቃ ሲወድቅ እንደሚለው። ሻምበል 'እንግዳው በሩን ወርውሮ ሄደ' ብሎ አሳቀን።"

"ከዚያ ወዲህ ፓምፑ ቆሟል?"

"አልቆመም። ነገ ጠዋት ነው የምናቆመውና ተለዋጩን ፓምፕ የምናስነሳው። በእኔ ፈረቃ።"

"በአንቺ ፈረቃ" አለ አጎቴ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው።

እትዬ ተቆጣች። "ምን ይሻልሃል አንተ? ሲያንኳኳ ታማርራለህ፤ ዝም ሲል ደግሞ ፊትህ ከሰል ይሆናል!"

አጎቴ ተነስቶ ወደ ወጥ ቤቱ በር ሄደ። ራሱ የሰቀለው፣ በራሱ የሚመለስ በር ነው። ገፋው፤ በሩ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ከመቃኑ ጋር ተነካካ። ኳ።

"ይሄ በር ለምን አንኳኳ? በቦታው ስላለ ነው። ከማጠፊያው ወልቆ ወለሉ ላይ ቢተኛ ምን ትሰሚያለሽ?"

ድንቢጥ ዓይኗን ማሻሸት ተወች።

"ቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ ታፍኖ የሚፈላ ነው" አለ ወደ እናቷ ዞሮ፣ ዓይኑ ግን ልጁ ላይ ነበር። "ፓምፑ እየገፋ ድረስ ችግር የለም። ፓምፑ የቆመ ጊዜ ግን የሚከለክለው በር ከሌለ…"

"ወደ እኛ ይመጣል" አለች ድንቢጥ። እንቅልፉ ከፊቷ ላይ ጠፍቶ ነበር። "ቆይ፣ ቦይለሩ አፍ ላይ ያለው ትንሹ ቫልቭስ?"

"እሱ ወንፊት ከሆነ ቆየ፤ የነገርሽኝ ራስሽ ነሽ። የፓምፑን ማቆሚያ ስትጫኚ የት ነው የምትቆሚው?"

እጇን ዘረጋች። ፓምፑ ከእሷ የአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው።

እትዬ ደረቷን ይዛ ተቀመጠች። "ውይ ልጄን! ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው አሉ።"

አጎቴ ለፋብሪካው ኃላፊ ደወለ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎት ስለነበር ሁላችንም ሰማን። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ እሑዱን የተነጠቀ ሰው ድምፅ ነበረው።

"ጋሼ፣ ሲጮህ ቀይሩት አሉን፤ ዝም ሲል ደግሞ ቀይሩት ይሉናል። እኛ ምን እንሁን? አሁን ማቅለሚያው ውስጥ ጨርቅ አለ። እንፋሎት ካቋረጥኩ ጨርቁ ሁሉ ዥጉርጉር ሆኖ ይወጣል። ነገ ጠዋት መካኒኮቹ ከፍተው ያዩታል።"

"ከፍተው ሲያዩት ፓምፑን አቁመው ነው?"

"ታዲያ እየሠራ ይከፈታል እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

"እኔም የምለው እሱን ነው፤ እሳቱን ሳታጠፉ፣ ቦይለሩ ሳይበርድ ፓምፑን እንዳታቆሙት።"

"በቃ፣ እስክንነጋገር አናቆመውም። እርስዎም አይጨነቁ፣ ምሳዎን ይብሉ።"

ስልኩ ተዘጋ። አጎቴ በመስኮቱ ወደ ሰማይ አየ። ከጣሪያዎቹ በላይ ዳመናው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። በዚያ ሰፈር ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ነገር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሽቦ ላይ ሲያርፉ መብራት ይጠፋል።

"እነሱ ባያቆሙት" አለ፣ "ዝናቡ ያቆመዋል።"

ረጅሙን ካቻቢቴና የዘይት ቆርቆሮውን በአሮጌ ፎጣ ጠቀለለ። እኔም ጫማዬን አደረግኩ። እትዬ በሩ ላይ ቆመች።

"ልጄን ይዘሃት ልትሄድ ነው?"

"እሷ ናት እኔን ይዛኝ የምትሄደው። ያለ እሷ ጥበቃው መቼ ያስገባኛል?"

እትዬ መሳቅ ፈልጋ አልሆነላትም። መንገዱን ለቀቀች።

ቦይለር ቤቱ ጸጥ ያለ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልነበረም። እሳቱ ያገሳል፣ ፓምፑ ያዜማል፣ አንድ ቦታ እንፋሎት ፉጨቱን አላቆመም። ከዚህ ሁሉ ድምፅ መሃል ግን አንድ ባዶ ቦታ ነበር፤ የፊት ጥርሱ እንደ ወለቀ አፍ። እኔ እንግዳውን ሰምቼው የማላውቅ ሰው እንኳ አለመኖሩን ሰማሁት። እንዴት ሊሆን እንደቻለ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ፓምፑ ያለው ጥቂት ደረጃ ወርደው በሚገቡበት ጎድጓዳ ቦታ ነው። የቀረ ሰው ፈረቃ ደርቦ የዋለው ሻምበል ከወንበሩ ተነሳ።

"ኧረ ባለ ቫልቩ! እንግዳህ ሳይሰናበት ሄደልህ። ምን አስቀይመነው ነው?"

አጎቴ ቀና ብሎ ወደ ቧንቧው አየ። የሻምበል ሳቅ ፊቱ ላይ ብቻውን ቀረ።

ቫልቩ ከጭንቅላታችን በላይ፣ ቧንቧው መሃል፣ እንደ ተቀመጠ ትልቅ ዝንጀሮ ሆዱን ነፍቶ ተቀምጧል። አካሉ ላይ ከብረቱ ጋር አብራ የተቀረጸች ቀስት አለች፣ የውሃውን መንገድ የምታመለክት፤ ቀለም በላይ በላዩ ስለተቀባ ጠርዟ ደብዝዟል። አጎቴ መሰላል ላይ ወጥቶ የካቻቢቴውን ጫፍ ቫልቩ ሆድ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። ዓይኑን ጨፈነ። በሕይወቴ አንድ ሰው አንድን ነገር እንደዚያ ሲያዳምጥ አይቼ አላውቅም። ወርዶ ለልጁ ሰጣት። እሷም ወጥታ አዳመጠች።

"ምን ትሰሚያለሽ?"

"ውሃ ነው… አባዬ፣ ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ይንፏቀቃል።"

"ምላሱ ነው። ወድቋል።"

ሻምበል ኮፍያውን አወለቀ።

ከቫልቩ ቀጥሎ፣ ወደ ቦይለሩ በሚወስደው በኩል፣ በእጅ የሚዘጋ ሌላ ቫልቭ ነበር፤ እንደ መኪና መሪ ያለ ቀይ መንኮራኩር ያለው። እሱ ከተዘጋ ምንም አይመለስም። ግን ከተተከለ ጀምሮ ማንም ነክቶት አያውቅም። ምን ያስነካል? እንግዳው በራሱ ይዘጋል እየተባለ ነው የተኖረው። ሥራቸው ደግሞ ንጹሕ እንዲታይ ጎብኚ በመጣ ቁጥር መሪውንም ዘንጉንም ቀይ ቀለም ይቀቡት ነበር። ቀለም በቀለም ላይ ተደርቦ ከአንገቱ ጋር አጣብቆታል። ያምራል። ያንን የመሰለ የሚያምር የማይነቃነቅ ነገር አይቼ አላውቅም።

"መጀመሪያ እሳቱ ይጥፋ፣ ግፊቱ ይውረድ" አለ አጎቴ። "ከዚያ ይሄ ይዘጋ፤ ከዚያ ፓምፑ ይቁም። በዚህ ቅደም ተከተል።"

"ያለ ኃላፊው ትእዛዝ እሳት አላጠፋም" አለ ሻምበል። "የልጆቼ ጉሮሮ ነው ወንድሜ። ጨርቁ ቢበላሽ በእኔ ነው የሚመጣው።"

ድንቢጥ ደረጃውን እየዘለለች ወጥታ ከበሩ አጠገብ ወዳለው መቆጣጠሪያ ሄደች።

"አንቺ ልጅ! ያንቺ ፈረቃ አይደለም!"

"የነገው የእኔ ነው። ነገ እንድመጣ ትፈልጋለህ አትፈልግም?"

መልሱን ሳትጠብቅ የእሳቱን ማጥፊያ ተጫነችው። የእሳቱ ግሳት ተቆረጠ። የግፊት መለኪያው መርፌ ግን ቸኩሎ አልወረደም፤ ከላይ ሆኖ ያየን ነበር።

"ከዚያ እንዳትነቃነቂ!" ብሎ ጮኸላት አጎቴ። "የፈለገ ነገር ቢመጣ፣ እዚህ እንዳትወርጂ።"

"እሺ አባዬ።"

ዘይቱን ዘንጉ ላይ አፈሰሰ። የብረት ዘንግ በመሪው ክንዶች መሃል አስገባንና ሦስታችን ተንጠለጠልንበት፤ ሻምበልም እያጉረመረመ መጥቶ ነበር። ምንም። እንደገና። ምንም። አጎቴ ቀለሙን በካቻቢቴው ጫፍ ይፍቀው ጀመር፤ ቀለሙ እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተፈነቀለ ወደቀ። በዚያ መሃል ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ አንድ ጠብታ ሰማሁ። ቆይቶ ሌላ። ሦስታችንም ወደ ላይ አየን።

መሪው ጮኾ ዞረ።

"ሄደ! ያዘው፣ ያዘው!" አለ ሻምበል። ጠላቱን እንደሚያንቅ ነበር የሚይዘው። እያዞርን ሳለ መብራቱ አንዴ ብልጭ ብሎ ተመለሰ። "ወይ አምላኬ" አለ ሻምበል። ዝናቡ ጣሪያው ላይ መንጋው እንደ ተለቀቀ ሆነ። መሪው እየጠበቀ፣ እየከበደ፣ እየዘገየ ሄደ።

ከዚያ መብራቱ ጠፋ።

የፓምፑ ዜማ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ። ለአንዲት አፍታ ዝናቡ ብቻ ነበር። ከዚያ ከላይ፣ ከቧንቧው ውስጥ፣ ረጅም ትንፋሽ የመሰለ ነገር ወደ እኛ መጣ። የቆመው ፓምፕ ተነቃነቀ። ማንም ሳይነካው፣ ያለ መብራት፣ ወደ ኋላ መዞር ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ሰነፍ፣ ከዚያ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ ፉጨት አወጣ። ያ ዜማ ተገልብጦ ሲዜም ሰማሁት።

"ውጡ!" አለ አጎቴ።

ሻምበል በአንገትጌዬ ይዞኝ ደረጃውን አወጣኝ። አጎቴ አልተከተለንም። በበሩ በሚገባው የዝናብ ብርሃን ጀርባው ይታየኝ ነበር፣ ዘንጉ ላይ ተጋድሞ። ድንቢጥ ከመቆጣጠሪያው ተወርውራ መጣች፤ ሻምበል በወገቧ ያዛት።

"ልቀቀኝ! አባዬ! አባዬ ውጣ!"

የፓምፑ አንገት ፈነዳ። ነጭ ሆነ፤ ጎድጓዳው በሙሉ ነጭ። ድምፁ የማንንም ድምፅ ዋጠ። ከዚያ ነጩ ውስጥ፣ ፉጨቱ ሲወርድ ሰማን። እየወረደ… እየወረደ… ቆመ። መሪው ዘግቷል።

አጎቴ ከእንፋሎቱ ውስጥ በእጁ እየዳኸ ወጣ። ከጉልበቱ በታች ሱሪው ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ነበር።

"ድንቢጥ የት ናት?" አለ፣ እያያት።

ቫልቩን ኋላ ሲከፍቱት አካሉ አንድ ስንጥቅ አልነበረውም። ምላሱ ሆዱ ውስጥ ተጋድሞ ተገኘ። ይዞት የነበረው የማጠፊያ ዘንግ ተበልቶ ተበልቶ እንደ ተቀረጸ እርሳስ ጫፍ ሾሏል። አሁን ዘንጉ አጎቴ አልጋ አጠገብ፣ የመድኃኒቶቹ ጠርሙሶች መሃል ነው ያለው። እትዬ አቧራ ስትጠርግ አትነካውም፤ ዙሪያውን ትጠርጋለች።

እግሮቹ በፋሻ ተጠቅልለው ትራስ ላይ እንዳሉ አዲሱን ቫልቭ መረጠ። ጥያቄዎቹን ጠየቀ፤ በዚህ ጊዜ መልስ የምትሰጠው ልጁ ነበረች። ስንት ቦይለር ነው? አንድ። ሁለተኛው ቢመጣስ? "አባዬ፣ ሙሽራው አይመጣም።" ከቧንቧው የጠበበ፣ አሁንም ከአረብ ብረት የፈሰሰ፣ ውሃው ልመለስ ብሎ ሳይወስን በስፕሪንግ ፈጥኖ የሚዘጋ መረጠ። ታዘዘ። በመርከብ ይመጣል አሉ።

ኃላፊው ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ጋሼ፣ እግዚአብሔር አተረፈልን። ጨርቁ እንኳ ብዙም አልተዥጎረጎረ።"

"ደስ ይላል" አለ አጎቴ።

"ያው… አዲሱ እስኪደርስ በአሮጌው እንሥራ ብለን ነው። ፓምፑ ተጠግኗል። ለምላሱም አዲስ ዘንግ አስቀርጸንለታል።"

"በምን ብረት?"

ኃላፊው ብርቱካኖቹን አየ። "በተገኘው።"

እሱ ከወጣ በኋላ አጎቴ ልጁን ጠራት። እንዳትሄድ ለመናት፤ አባት ልጁን ሲለምን ማየት ከባድ ነው። ድንቢጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትነቃነቅ ሰማችው።

"እኔ ብቀር የሚቆመው የሌላ ሰው ልጅ ነው አባዬ። እሱ ደግሞ እንግዳው ሲያንኳኳ ደስ የሚለው፣ ዝም ሲል የሚተኛ ነው። እኔ ቢያንስ የምሰማውን አውቃለሁ።"

አጎቴ ከትራሱ ሥር ረጅሙን ካቻቢቴ አውጥቶ ሰጣት።

"መሪውን በየፈረቃው አዙሪው። ቀለም የሚባል እንዳያስነኩት። ዝም ካለ…"

"እሳቱን አጠፋለሁ፣ መሪውን እዘጋለሁ።"

"አንድ የቀረ አለ።"

"ከዚያ እሮጣለሁ።"

አሁን ፈረቃዋን ስትረከብ ትደውላለች። እትዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ማሰሮውን ከእሳት ታወርዳለች፣ እንዳይንተከተክ። እኔ ወንበሬን አላንቀሳቅስም። አጎቴ ክርኑን ተደግፎ ቀና ይላል። ድንቢጥ ምንም ሳትናገር ስልኳን ወደ ቧንቧው ትዘረጋለች። መስመሩ አንዳንዴ ይዘገያል፤ ያን ጊዜ እትዬ ትንፋሿን ትይዛለች። ከዚያ ይመጣል። ኳ… ኳ… ኳ። ስንት ዓመት የተረገመ ድምፅ፣ ቤት ሙሉ ሰው ተሰብስቦ እንደ ምሥራች ይጠብቀዋል።

"አለ" ይላል አጎቴ። እትዬ ማሰሮውን ትመልሳለች።

መርከቡ ገና ነው። ትናንት ማንኳኳቱ ትንሽ የላላ መሰለኝ፤ በሁለቱ ምቶች መሃል ያለው ጊዜ የረዘመ። ማንንም አልጠየቅኩም። እትዬ ማሰሮውን መለሰች፣ ድንቢጥም "ቻው አባዬ" ብላ ዘጋች። አጎቴ ግን ስልኩ ከተዘጋም በኋላ አንገቱን ዘንበል እንዳደረገ ቆየ።